የሕዝብ ግንኙነት ተለማማጅ ሥራውን ቢሮ ውስጥ እንዴት ይማራል?

ለልምምድ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚላክ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ያገኛል እንጂ ሥራ እምብዛም አያገኝም። ምክንያቱ ንቀት አይደለም። ከክፍሉ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ቃል ሆኖ ስለሚቆጠር ባለሙያዎቹ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ያሰጋቸዋል። ስለዚህ እስክትታዘዙ አትጠብቁ፤ ብትሳሳቱ በቀላሉ የሚታረመውን ሥራ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

በሚዲያ ዳሰሳ ጀምሩ

ቢሮ ከመከፈቱ በፊት አዲስ ዘመንን፣ ሪፖርተርን፣ የኢዜአን፣ የፋናንና የኢቢሲን ገጾች ተመልከቱ። በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ላይ ሕዝቡ የሚጽፈውንም አንብቡ። ያገኛችሁትን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ሠንጠረዥ አስፍሩ፦ ቀን፣ የሚዲያው ስም፣ የዘገባው ፍሬ ነገር፣ ምስጋና ነው ወይስ ቅሬታ፣ መልስ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም።

ተለማማጅ እዚህ ላይ የሚሳሳተው በፍለጋው ነው። «ውኃ» ብሎ የፈለገ ሰው «ውሃ» ወይም «ውሀ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «ኃይል» እና «ሀይል»ም እንደዚሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ሰው ሊጽፍባቸው በሚችሉት ሆሄያት ሁሉ፣ በምህጻረ ቃልም ጭምር ፈልጉ። ደግሞ ምስጋናውን ብቻ ለቅማችሁ አታቅርቡ። ኃላፊው ቅሬታውን ከእናንተ ሳይሆን ከበላይ አለቃው ከሰማ ዳሰሳችሁን ዳግም አያነበውም።

ጋዜጣዊ መግለጫ መጻፍ

መጀመሪያ ክፍሉ ቀደም ሲል ያወጣቸውን አሥር ያህል መግለጫዎች አንብቡ። ከዚያ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ረቂቅ ጻፉ። ማን፣ ምን፣ መቼና የት የሚሉት በመጀመሪያው አንቀጽ ይመለሱ።

«በዛሬው ዕለት ክቡራን እንግዶች በተገኙበት በደማቅ ሥነ ሥርዓት…» የሚል መግቢያ ዜናውን ይቀብረዋል። «አዲሱ ጤና ጣቢያ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ታካሚዎችን ይቀበላል» ብትሉ ግን አንባቢው የሚፈልገውን ወዲያው ያገኛል። ቦታ የጠበበው የጋዜጣ አዘጋጅ የሚቆርጠው ከታች ስለሆነ የእንግዶቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ረቂቁን ከማስረከባችሁ በፊት ስምንና ማዕረግን ከባለቤቱ ወይም ከቢሮ ጸሐፊው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ቁጥር ከሆነ ከሪፖርቱ ጋር አመሳክሩ፤ የስድስት ወር ነው ወይስ የዘጠኝ ወር፣ ዕቅድ ነው ወይስ ክንውን? የእንግሊዝኛ ቅጂ ካለ ቀኑ በተለይ አደገኛ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ሲሆን፣ ጥር 5 ቀን 2018 ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ነው፤ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ዓመት ይቀየራልና በግምት አትቀንሱ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በእንግሊዝኛው 9 ሰዓት ተብሎ ካልተጻፈ የውጭ እንግዳ በሌሊት እንደተጠራ ያስባል።

ፎንቱንም እዩ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ቴሌግራም ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የፊደል ዝርግፍ ይሆናል። በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ በሚነበበው በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ጻፉ፤ ከመልቀቃችሁ በፊትም በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ አንብቡ። «ይውጣ» የሚለውን ፈቃድ በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ አጭር የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ይድረሳችሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው፤ ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚሠሩት። የእናንተን ረቂቅ፣ ኃላፊው ያረመውን፣ ጋዜጣው ያተመውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኃላፊው የሰረዘው የመሥሪያ ቤቱን ጥንቃቄ ያሳያል፤ ጋዜጣው የጣለው ደግሞ ለአንባቢ የማይጠቅመውን። አንድ ቃል ለምን እንደተቀየረ ካልገባችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ከሳምንት በኋላ ኃላፊውም አያስታውሰውም።

መድረክ ሲኖር

ለሚዲያ ጥሪው ከሁለት ቀን በፊት ይድረስ፤ በዋዜማው ደውላችሁ ማን እንደሚመጣ አረጋግጡ፣ ጋዜጠኞቹ የሚመጡበት መኪና ጉዳይም ያኔውኑ ይቋጭ። አዳራሹ ውስጥ ካሜራ የሚቆምበትን ቦታ፣ ሶኬቱንና ማይኩን ቀድማችሁ ፈትሹ። ፎቶ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ እዚያው ጻፉ፤ ማታ ማንም አያስታውስም። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ ለጋዜጣ ኅትመት አይበቃም። ከጋዜጠኞች አበል ጋር የተያያዘ ነገር ከመጣ እጃችሁን አታስገቡ፤ ለኃላፊ አስተላልፉ።

ጋዜጠኛ ሲደውል

መልሱን ብታውቁትም አትመልሱ፤ ተለማማጅ የተናገረው ነገር «የመሥሪያ ቤቱ ምንጭ» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ስሙን፣ ሚዲያውን፣ ጥያቄውን፣ ስልኩንና መልሱ የሚያስፈልግበትን ሰዓት መዝግቡ። «በዚህ ሰዓት እንደውልልዎታለን» በሉ፤ መልሱ ባይገኝ እንኳ በተባለው ሰዓት ደውሉ። ስለ መረጃ ነፃነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመንግሥት አካላት የመረጃ ጥያቄን ለመመለስ እስከ 30 ቀን ይሰጣል፤ የጋዜጠኛው ዜና ግን ዛሬ ማታ ነው የሚወጣው። መልስ ካጣ «ሊያነጋግሩን ፈቃደኛ አልሆኑም» ብሎ ያትማል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በማግስቱ ማስተባበል ከባድ ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ የሠራችኋቸውን ጽሑፎች ለሥራ ማመልከቻ ለመያዝ ካሰባችሁ፣ ይፋ የወጡትን ብቻ ውሰዱ፤ የውስጥ ረቂቆችንና የዳሰሳ ሠንጠረዡን ግን ኃላፊው ካልፈቀደ ቢሮው ውስጥ ተዉት።