ፋክቶሪያል ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት አራቱን ሳጥን ሙሉ

እያንዳንዳቸው ሁለት ሁኔታ ያላቸውን ሁለት ተለዋዋጮች አጣምራችሁ ስትፈትኑ (ፋክቶሪያል ሙከራ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው)፣ መረጃ ሳትሰበስቡ ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥ ሥላችሁ የምትጠብቁትን አማካይ ውጤት ጻፉ፤ ከዚያ ቁጥሮቹን በመስመር አገናኙ። መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ መስተጋብር፣ ማለትም የአንዱ ተለዋዋጭ ተጽዕኖ እንደ ሌላው ሁኔታ መለያየቱን፣ አልጠበቃችሁም ማለት ነው። ከተሻገሩ ግን የሙከራው ፍሬ ነገር እዚያው ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጎደን እና ባድሊ በ1975 እ.ኤ.አ. ጠላቂ ዋናተኞችን በየብስና በውኃ ውስጥ ቃላት አስጠንተው በሁለቱም ቦታ ፈተኗቸው። በየብስ አጥንተው በየብስ ሲፈተኑ በአማካይ 13.5፣ በውኃ ውስጥ ሲፈተኑ 8.6 ቃላት አስታወሱ፤ በውኃ ውስጥ አጥንተው እዚያው ሲፈተኑ 11.4፣ በየብስ ሲፈተኑ 8.4። የፈተናውን ቦታ ብቻውን ብታዩት ልዩነቱ አንድ ቃል እንኳ አይሞላም! ሁለቱ ቦታዎች መግጠማቸው ነው ልዩነት የፈጠረው።

ተለዋዋጮቹ አራት ከደረሱ ግን ሳጥኖቹ ቢያንስ 16 ስለሚሆኑ ሥዕሉ ያደናግራል፤ ያን ጊዜ ተለዋዋጭ መቀነስ ይሻላል።