መለኪያው በማይል፣ መንገዱ በኪሎ ሜትር ሲሆን፦ ችግርና መፍትሔ

ፊውዙ፣ የፍጥነት ሴንሰሩ (የመኪናውን ፍጥነት በኤሌክትሪክ ምት የሚያሳውቀው መሣሪያ) ሶኬትና የጎማው ንፋስ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እጀምራለሁ። ቀጥሎ ያለው ሥራ የፍጥነት መለኪያውን ቀጥ ባለ መንገድ በሦስት የተለያዩ ፍጥነቶች ከጂፒኤስ ጋር ማመሳከር ነው፤ የስህተቱ ጠባይ መንስኤውን ያሳውቃል።

ልዩነቱ በ40ም በ80ም እኩል ከሆነ ጥፋቱ የቀስቱ ነው። የመለኪያውን ቁጥሮች የያዘውን ገጽ የቀየረው ሰው ቀስቱን ነቅሎ ሲመልስ ዜሮው ላይ አልተከለውም፤ አስተካክሎ መትከል ይበቃል። ልዩነቱ ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ወይ የጎማው መጠን ተቀይሯል፣ ወይ አሃዱ ተሳስቷል፤ መኪናው በ97 ሲሄድ ቀስቱ 60 ላይ ከቆመ መለኪያው የሚናገረው በማይል ነው። አንድ ማይል 1.609344 ኪሎ ሜትር ነውና።

በ100 ላይ 104 ማሳየት ብልሽት አይደለም። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ሲከለክል፣ ከላይ ግን የፍጥነቱን አንድ አሥረኛና 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል፤ በ100 ላይ እስከ 114 ማለት ነው። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ የሚያስገባ ሰው መለኪያውን ወደተከለከለው ወገን እንደሚገፋው ይወቅ።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያገኘሁት ግን በተሳሳተ ቦታ የገባ መቀየሪያ ሳጥን፣ ማለትም የማይሉ መለኪያ በኪሎ ሜትር እንዲያሳይ የሚያደርገው ዕቃ ነው። ይህ ሳጥን ከሴንሰሩ የሚመጣውን ምት በ1.609 እያበዛ ለመለኪያው ያቀብላል፤ ስለዚህም መግባት ያለበት ከመለኪያው ጀርባ፣ ሽቦው ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ከሚሄደው ከተለየ በኋላ ነው። ዳሽቦርድ መፍታት የሚታክተው ሠራተኛ ግን ሴንሰሩ አጠገብ ቆርጦ ያስገባዋል። ቀስቱ ትክክል ስለሚያሳይ ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ግን የተጋነነ ፍጥነት ይቀበላል። አንድ መኪና ልክ 112 ሲደርስ ጉልበቱ እየተቆረጠ መጣልኝ፤ ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች የነዳጅ ፓምፑንና የአየር ሴንሰሩን በከንቱ ቀይረውለት ነበር። የፋብሪካው የፍጥነት ገደብ 180 መሆኑን አይቼ ለ1.609 ሳካፍለው 112 መጣ፤ ሳጥኑን ወደ መለኪያው ጀርባ አዛወርኩት፣ ችግሩም ጠፋ። ሌላው ባለመኪና ማርሹ ያለጊዜው ስለሚቀያየር አውቶማቲክ ካምቢዮውን አስፈትቶ ነበር፤ ጥፋቱ ያው ሳጥን ነበር። ሦስተኛው ላይ ሽቦዎቹ ሳይበየዱ ተጠማዘው በፕላስተር ስለተጠቀለሉ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀስቱ ዜሮ ላይ ይወድቅ ነበር። እባካችሁ ሽቦውን በይዱት! የመለኪያው ገጽ ላይ ማይል የሚለው ጽሑፍም ሳይቀየር እንዳይቀር፤ ቀጥሎ የሚነዳውን ሰው ያሳስታል።

ፍጥነቱ በዲጂታል ኔትወርክ በሚተላለፍባቸው አዳዲስ መኪኖች ሳጥን አያስፈልግም፤ አሃዱ በሜኑው ወይም በፕሮግራም ይቀየራል።

ከመቀየር በፊት መኪናው የሚነዳበትን አገር ሕግ ማየት ግዴታ ነው። አየርላንድ የፍጥነት ገደቦቿን ጥር 20 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ወደ ኪሎ ሜትር ስትቀይር ብሪታንያ ግን በማይል ቀጥላለች፤ እዚያ መለኪያው ማይል ማሳየት አለበት።

የርቀት ቆጣሪውን አደራ። 60,000 ማይል የሄደ መኪና 96,560 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ሳጥኑ ከገባ በኋላ ቆጣሪው በማይሉ ላይ ኪሎ ሜትር ስለሚደምር ቁጥሩ ለገዢ ትርጉም ያጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከጥገና በኋላ ቆጣሪው የቀድሞውን ንባብ መያዝ ካልቻለ ዜሮ እንዲደረግና የቀድሞው ርቀትና የሥራው ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ በግራው የበር ፍሬም ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። እኔም ንባቡን፣ አሃዱንና ቀኑን ጽፌ በሩ ላይ ሳልለጥፍ መኪና አላስረክብም።