የሽንኩርት መልስ የምታስረክቢ ከሆነ

መንዝ ውስጥ ሱፍ የምትፈትለው ሴት ናት፤ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። እኔም አንድ ክረምት ሙሉ፣ ብርዱ ጣት እያደነዘዘ፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ፈተልኩ። ባናው አልቆ መሐል ሜዳ ገበያ ወጣ። ማታ ባለቤቴ ሲገባ ለልጄ ደብተር መግዣ ብጠይቀው «ያንቺ ገንዘብ ደግሞ የቱ ነው?» አለኝ። እውነቱን መስሎኝ ዝም አልኩ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ እነግዳለሁ፤ የሴቶች እቁብም ጸሐፊ ነኝ። እቁብ ሊጥሉ የሚመጡት ሲያወጉ ብዙዎቹ «ኧረ አይመታኝም» ይላሉ። የእኔም አይመታኝም ነበር።

ሳይመታም በገንዘብ አፍኖ መያዝ በደል ነው፤ ድህነትና ይሄ እንዳይምታታብሽ። ድህነት ከሆነ ሁለታችሁም ታጣላችሁ፣ ሁለታችሁም ያላችሁን ታውቃላችሁ። የእኔ ባል ግን ሽንኩርት ግዢ ብሎ ከሰጠኝ ስመለስ መልሱን ይቆጥራል፤ ሽንኩርቱንም ይቆጥራል። አንድ ቀን ነጋዴዋ የመረቀችልኝን አንዲት ራስ ሽንኩርት «ከየት አመጣሽው?» ብሎ እኩለ ሌሊት ድረስ መረመረኝ። አንቺም በግሽ በስንት እንደተሸጠ ከጎረቤት የምትሰሚ ከሆነ፣ የደመወዝሽን የባንክ ደብተር እሱ ከያዘው፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽን ለውጦ ከከለከለሽ፣ ሳታውቂ በስምሽ ከተበደረ፣ ሥራ ባገኘሽ ቁጥር ጠብ ከተነሣ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ካወቅሽ በኋላ ለጠብ አትቸኩይ። መጀመሪያ ወረቀት። በክልላችን፣ በአማራ፣ የባልና ሚስት የጋራ መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም ነው የሚዘጋጀው፤ ስምሽ መኖሩን በዓይንሽ አይተሽ ፎቶ ኮፒ አስነሺ። የጋብቻ ማስረጃሽንና የልጆችሽን የልደት ካርድም ጨምሪ። ኮፒውን ቤትሽ እንዳታኖሪው። የእኔ የተቀመጠው ጎረቤቴ ቤት፣ የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ስገልጠው ያስነጥሰኛል። ሲም ካርድ በራስሽ ስም አውጪ። ከዚያ ትንሽ ደብተር ያዢ፦ ምን ተሸጠ፣ መቼ፣ በስንት፣ ማን አየ። መጻፍ ካልቻልሽ ልጅሽን ሳይሆን የምታምኛትን ሴት አስጽፊ፤ ልጅ አባቱ ሲጠይቀው ይጨነቃል።

ሕጉም አንቺን አልረሳም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የጋራ ቤት ያለሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም። ተሽጦ ከሆነ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ፤ ጊዜ ግን አለው፦ ካወቅሽ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት። ክልላችን በ1995 ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለ ዝርዝሩን ከሕግ አዋቂ ጠይቂ።

ሽማግሌ ካስቀመጥሽ «በደለኝ» ብለሽ ብቻ አትቅረቢ፤ «ቻይው ልጄ» ብለው ይሸኙሻል። እኔን ሁለት ጊዜ ሸኝተውኛል። በሦስተኛው ደብተሬን ይዤ ሄድኩና የበጎቹን ዋጋ አንድ በአንድ አነበብኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለካ ገዢው ራሱ ኖሯል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልክ ናት» አለ። ያን ቀን ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። የምትፈልጊውንም ለይተሽ ንገሪያቸው፦ ከብት ሲሸጥ አብሬ ልገኝ፣ ያገኘሁትን በስሜ ላስቀምጥ።

እጁን የሚያነሣ ወይም የሚዝት ከሆነ ግን ሽማግሌውን ተዪው፤ ብቻሽንም አትጋፈጪው። ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብለሽ ከሠጋሽ ከፍርድ ቤት እግድ ጠይቂ።

እቁብ ስትገቢም በራስሽ ስም ግቢ። እኔ መዝገብ ላይ «የእገሌ ሚስት» ተብላ የተጻፈች የለችም። ባለፈው ዕጣ የደረሳት ሴት ባል መጥቶ «ልካኝ ነው፣ ብሩን ስጪኝ» አለኝ። ቡና ቀዳሁለትና «እሷ ትምጣ» አልኩት።