ከተጣሉ ዕቃዎች የሚሠራ ሠዓሊን በሙዚየም ማወያየት

በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ፣ ከተጣሉ ዕቃዎች የሥነ ጥበብ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ በሙዚየም ከሕዝብ ጋር እንዲወያይ የሚያዘጋጅ ሰው፣ መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ስለ መድረኩ ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው። ታዳሚው ቆርኪውን፣ ሽቦውንና የጨርቁን ቁራጭ ከቤቱ ስለሚያውቃቸው፣ ስለ ሥራው ሳይፈራ መናገር የሚችለው በዚያ በኩል ሲገባ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ገና ያልሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ መጠየቅና ታዳሚው እየዳሰሰ እንዲያየው በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ይገባል፤ የተጠናቀቀው ሥራ ግን እንደማይነካ በግልጽ ይነገር። የቆርቆሮ ሹል ጠርዝ መታጠፍ አለበት። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በብየዳው ውስጥ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት እጅ አይሰጥም።

ከእንጨት፣ ከደንገል ወይም ከስንደዶ የተሠራ ሥራ ነቀዝ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ ከሙዚየሙ ቅርሶች ተለይቶ በፕላስቲክ ታሽጎ መቆየትና መመርመር አለበት። ጨርቅና ወረቀት ያለበት ሥራ ደግሞ በመስኮት ፀሐይ ፊት አይሰቀልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በሙዚየሞች የተለመደው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው።

በጎጃም በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ገዳማትና አድባራት በበዙበት አገር ወድቆ የተገኘ የብራና ቅጠል ወይም አሮጌ መስቀል የሠዓሊ ጥሬ ዕቃ አይደለም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ ያዝዛል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሥራው ውስጥ ካለ፣ ጉዳዩ ከግብዣው በፊት መጣራት ይኖርበታል።

ውይይቱን የሚመራው ሰው «ይህ ሥራ ምን ማለት ነው?» በሚለው ጥያቄ ባይጀምር እመርጣለሁ፤ ጥያቄው ባለሙያውን ወደ ንግግር፣ ታዳሚውን ወደ ዝምታ ይገፋልና። «ይህን ከየት አገኙት? ከማን ገዙት? በምን አያያዙት? ምኑ እንቢ አለዎት?» ብሎ መጠየቅ እጅግ ይሻላል። ለማነጻጸር የኤልያስ ስሜን ሥራዎች በፎቶግራፍ ማሳየት ይጠቅማል፤ ይህ የአዲስ አበባ ሠዓሊ ከመርካቶ የሚሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ጎንጉኖና ከኮምፒውተር ሰሌዳዎች ጋር አደራጅቶ ሰፋፊ ሥራዎችን የሚሠራ፣ ከዚያም በፊት በመርፌና በክር፣ በቁልፍና በቆርኪ የሠራ ነው። በጋና የተወለደው ኤል አናትሱይ ደግሞ የተጨፈለቁ የጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሥራ ያወጣል፤ ሥራው በተሰቀለ ቁጥር ቅርጹ ሊለያይ ስለሚችል፣ «አሰቃቀሉን የሚወስነው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለመክፈት ይረዳል።

ከታዳሚው መካከል ስፌት የምትሰፋ እናት ካለች፣ የመጀመሪያውን አስተያየት ለእርሷ መስጠት ተገቢ ነው። ስለ አያያዝና ስለ ትዕግሥት የምትጠይቀው ጥያቄ ከእጅ ሥራ ልምድ የሚወጣ በመሆኑ፣ ባለሙያውም በዚያው መጠን ተጠንቅቆ ይመልስላታል።

በመግለጫው ካርድ ላይ «ሚክስድ ሚዲያ» (የተለያዩ ዕቃዎች ቅልቅል) ብቻ ብሎ ማለፍ ለታዳሚው አይበቃም፤ «ሽቦ፣ ቆርኪና የጥጥ ክር በእንጨት ሰሌዳ ላይ» ተብሎ ዕቃው ሁሉ ይዘርዘር። ሙዚየሙ ሥራውን የሚያስቀር ከሆነ ደግሞ፣ ብረቱ ሲዝግ ዝገቱ ይተው ወይስ ይገታ፣ የወደቀ ቆርኪ በሌላ ይተካ ወይስ አይተካ የሚለውን ባለሙያው ራሱ በጽሑፍ አስፍሮ እንዲፈርምበት ማድረግ ያስፈልጋል።