በአንድ የፒያኖ አልበም ላይ ከመከራከራችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ወጣቶች ቡና ይዘው አዲስ አልበም ሲያዳምጡና ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል። ድምፃዊቷ ግጥምና ዜማውን ራሷ ደርሳ፣ ፒያኖውንም ራሷ እየተጫወተች የምትዘፍን ከሆነች ግን ክርክሩ ሁሌ እዚያው ነው፤ ግማሹ «አንጀት ይበላል» ይላል፣ ግማሹ «ባዶ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል»። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከአደማመጥ ነው፤ የተለመዱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

በስልክ ስፒከር ሰምቶ መፍረድ። እባካችሁ ይህን ተዉ! ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ በሴኮንድ 27.5 ጊዜ ብቻ ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ናት፤ በሴኮንድ ከ200 በታች የሚርገበገበውን ከሞላ ጎደል አታወጣውም። ስለዚህ ከመካከለኛው ዶ (ከፒያኖው መሐል ካለው ድምፅ) ትንሽ ወረድ ሲባል የግራ እጅ መሠረት ይጠፋል። ጆሮ የጎደለውን ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ገምቶ ለመሙላት ይሞክራል፣ ክብደቱ ግን አይመለስም። ከበሮ በሌለበት ዘፈን የግራ እጅ ከበሮም ቤዝም ነው። እሱን አስቀርቶ «ባዶ ነው» ማለት የበገናን ጅማት አላልቶ ለምን አያጉረመርምም ብሎ እንደመውቀስ ነው።

የዚህ ታናሽ ወንድም አንድ ኢርፎን ለሁለት መካፈል ነው። በብዙ ቀረጻዎች ፒያኖ በሁለት ማይክ ይቀዳና ወፍራሙ ወደ አንድ ጆሮ፣ ቀጭኑ ወደ ሌላው ያደላል። ሁለቱ ጓደኛሞች ታዲያ የሰሙት አንድ ዘፈን አይደለም፤ ቢጣሉ ምን ይደንቃል? ርካሽም ቢሆን ሙሉ ኢርፎን በየተራ አድርጉ። ብሉቱዝ ስፒከር ካላችሁ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በጆሮ ትክክል አኑሩት፤ ከግድግዳ ማዕዘን ግን አርቁት፣ ቤዙ ይጨፈግጋል። ጣና ዳር ሜዳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ይሳሳል፣ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ዝግ ያሉት ስንኞች አይሰሙም። ማለዳ ይሻላል።

ሁለት አልበም ስታወዳድሩ ድምፁን እኩል አድርጉ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

«ድምጿ ትንሽ ነው» ማለት። ፒያኖ እየተጫወተች የምትዘፍነውን የአሜሪካዊቷን የካሮል ኪንግን «ታፔስትሪ» አልበም ውሰዱ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 12 ዘፈን ያለው ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ካሮል ከሌሎች ጋር ደርሳው በ1967 እ.ኤ.አ. ድምፃዊት አሪታ ፍራንክሊን በዚያ ግዙፍ ድምጿ ተጫውታዋለች። ሁለቱን አስከትሎ ሰምቶ ካሮል ተሸነፈች ማለት ይቀላል። ግን አሪታ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ትዘፍናለች፤ ካሮል ጠረጴዛ ተሻግሮ ለተቀመጠ አንድ ሰው ታወራለች። ሥራው ሌላ ነው።

በእኛ ቅኝት መጠበቅ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፤ ጌጡ ያለው በድምፃዊው ጉሮሮና በማሲንቆው መንቀጥቀጥ ላይ ነው። በፒያኖ ፖፕ ግን ድምፃዊቷ አንድ ኖታ ላይ ቆማ ኮርዱ (ፒያኖው ላይ አብረው የሚመቱት ድምፆች) ከሥሯ ሊቀያየር ይችላል፤ ያው ኖታ መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ስጋት ይሆናል። ጉሮሮዋን ብቻ የተከተለ «ዜማው አይንቀሳቀስም» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ስሙ፣ በመጀመሪያው ግጥሙን ትታችሁ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እያንጎራጎራችሁ ተከተሉ። ጆሯችሁ ለፒያኖ እንግዳ ከሆነ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራዎች ጀምሩ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፉት እማሆይ የአገራችንን የዜማ ጠረን በፒያኖ ያሰሙ ናቸው።

በግጥሙ ውስጥ ያለችውን «እኔ» ድምፃዊቷ ናት ብሎ መደምደም። አዝማሪ ቤት «ተውኩት» ብላ የዘፈነችውን ባሏን ፈታች አንላትም፤ ለዚህችኛዋም እንዲሁ።

ዘፈኖቹን አደበላልቆ መክፈት። በ«ታፔስትሪ» ዘመን የሸክላ አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ ትንሽ የዘለለ ስለነበር፣ 12 ዘፈን ባለው አልበም 6ኛው ዘፈን የአንዱ ገጽ መዝጊያ፣ 7ኛው የሌላው መክፈቻ እንዲሆን ታስቦ ይደረደር ነበር።

ሌሎች ለአልበሙ የሰጡትን የኮከብ ደረጃ ቆጥሮ መምጣት፦ ከመስማታችሁ በፊት የሌሎችን አስተያየት አታንብቡ።

ክርክሩ ሲጀመር ያልወደደው ይቅደም፤ «አልተመቸኝም» ብሎ አይቁም። የትኛው ዘፈን፣ የትኛው ደቂቃ ላይ፣ ምን ሲገባ እንደቀዘቀዘ ይናገር። ከዚያ ያንኑ ቦታ ከፍታችሁ አብራችሁ ስሙት።