ደሙ እስኪጣራ ማረጡ አይጠብቅም፦ የማረጥ ሕክምናን የሚያጓትቱ ስህተቶች

ያለፈውን ክረምት መስኮት ከፍቼ ነው የተኛሁት። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፣ ባለቤቴ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ይኮማተራል፣ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቄ አንሶላ እቀይራለሁ። ዕድሜዬ 49 ነበር። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለዚሁ ሙቀት ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ግን ሌላውም ጉድ ወጣ፤ የወር አበባዬ ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ ዐሥር ቀን ይፈሳል፣ ሞዴስ ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፣ የረጋ ደምም አለው። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ ታየ። «መጀመሪያ የደሙ ምክንያት ይታወቅ፤ ለሙቀቱ የሚሰጠውን ሆርሞን ከዚያ በኋላ እናየዋለን» ተባልኩ።

ምክሩ ትክክል ነበር። ጣጣው «ከዚያ በኋላ» ስምንት ወር መፍጀቱ ነው። በእነዚያ ወራት አምስት ቀጠሮ ሄጃለሁ። ስለ ላቡና ስለ እንቅልፉ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላነሣሁም። ቡና ላይ ለጓደኞቼ ሳወራው እንደኔው የከረሙ ብዙ ሆነው ተገኙ። አንዷ ለማዮማ፣ አንዷ ማህፀኗ ወደ ታች ስለወረደ፣ አንዷ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ለወጣ ከረጢት ስትመላለስ ማረጧን ረስታዋለች። እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች እርስዎ አይድገሟቸው።

ደም ባዩ ቁጥር «የማረጥ ነው» ብሎ መተው

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የወር አበባ መዘበራረቁ የተለመደ ነው። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር፣ በሁለት የወር አበባ መካከል የሚመጣ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ግን «የተለመደ» ውስጥ አይገባም። ከ12 ወር በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ፣ የውስጥ ልብስ ላይ ጠብ ያለ ነጠብጣብ ቢሆንም እንኳ፣ መታየት አለበት። አንዲት ጎረቤታችን ከሦስት ዓመት በኋላ ደም አይታ «ልጅነቴ ተመለሰ» እያለች ስትስቅ ሁላችንም አብረን ስቀናል። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለማስፈራራት አይደለም። ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ ሴቶች የአብዛኞቹ ምክንያት የብልት ግድግዳ መሳሳትና መድረቅ፣ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ሥጋ ወይም ሌላ ካንሰር ያልሆነ ነገር ነው። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የሚገኝባቸው ከመቶ ዐሥር ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። እነዚያ ዐሥሩ ቶሎ ከመጡ ግን የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

የወር አበባዎ ገና ካልቆመ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። በ47 ዓመት ሁለት ወር የጠፋ አበባ ሁሌ ማረጥ አይደለም። የሦስት ወር መርፌ የሚወጉም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መርፌው ራሱ የወር አበባን ስለሚያጠፋና ስለሚያዘበራርቅ የ12 ወሩ ቆጠራ አይሠራም።

ቀን መመዝገብም አይርሱ። ቤተ ክርስቲያን የማይገቡበትን ቀን ሲቆጥሩ የኖሩ እናቶች ከማንም የተሻለ መዝገብ በራሳቸው ውስጥ አላቸው፤ የቀራቸው ካላንደር ላይ ማስፈር ነው። ደም ያዩበትን ቀን በቀይ፣ በላብ የነቁበትን ሌሊት በሰማያዊ እስክሪብቶ ያክብቡ። ሁለተኛው ቀለም ለምን እንዳስፈለገ ወደ በኋላ ይገባዎታል።

አልትራሳውንድ ተነሥቶ «ተመረመርኩ» ማለት

አልትራሳውንድ ማዮማን፣ የእንቁላል ከረጢትን፣ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ውፍረት ያሳያል። የማህፀን በር ላይ ያለ ቁስልን ግን በደንብ አያሳይም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጓንት አድርጎ፣ መሣሪያ አስገብቶ የማህፀን በርዎን በዓይኑ ካላየ ምርመራው አልተጠናቀቀም። ብዙዎቻችን በኀፍረት «አልትራሳውንዱ ይበቃል» ብለን እናመልጣለን፤ አንዳንዱ ባለሙያም ወረፋው ስለበዛበት አይጫንም። ሴት ሐኪም ከፈለጉ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

በጤና ጣቢያ የሚሠራው በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብቶ የማየት ምርመራ ለ30ዎቹና ለ40ዎቹ ዕድሜ ጥሩ ነው። ካረጡ በኋላ ግን መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል፤ የማህፀን በር ካንሰርን ስለሚያመጣው ቫይረስ፣ ስለ ኤችፒቪ፣ ምርመራ ይጠይቁ።

ሽፋኑን በተመለከተ ወረቀቱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቁጥር ያያሉ። ካረጡ በኋላ ደም ላየች ሴት 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ከዚያ ከበለጠ ናሙና ይወሰዳል። ቀጭን ሆኖም ደሙ እየተመላለሰ ካስቸገረ ናሙናው አይቀርም። ይህ ልኬት የወር አበባቸው ላልቆመ ሴቶች አያገለግልም፤ የእነሱ ሽፋን በየሳምንቱ ይወፍራል፣ ይሳሳል። የ44 ዓመቷ እህቴ የ9 ሚሊ ሜትር ወረቀቷን ይዛ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረችው ይህን የሚነግራት አጥታ ነው።

ናሙናውን ሰጥቶ ስልክ መጠበቅ

የእኔ ስምንት ወር ውስጥ ሁለቱ የባከኑት እዚህ ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ፎርማሊን በሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠበትን ትንሽ ብልቃጥ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና «ፓቶሎጂ አድርሺው» አሉኝ፤ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ጉልበቴ ላይ ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ በታክሲ ሄድኩ። ስሜ የተጻፈው ፕላስተር ላይ ነበር። አንዱ ጫፍ ተነሥቶ ስላየሁት መንገዱን ሁሉ በአውራ ጣቴ ተጭኜው ነበር። ከዚያ «ሲደርስ ይደወልልሻል» ተባልኩ። አልተደወለም። በሰባተኛው ሳምንት ራሴ ስሄድ ውጤቱ ከደረሰ ወር አልፎታል፤ ካርዴ ውስጥ ሳይገባ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ደግነቱ ክፉ ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ስምዎና ቀኑ መጻፉን ይዩ፤ የተቀበለዎትን ክፍል ስልክና የናሙናውን ቁጥር ይያዙ፤ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ጠይቀው በዚያው ቀን ይሂዱ። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ሐኪሙ ሳያየው የመጣ ውጤት እንዳልመጣ ይቆጠራል።

«ምኑን ነው የምንጠብቀው?» ብሎ አለመጠየቅ

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። «ቆይ ይጣራ» የሚለውን ቃል ሰምተን ተነሥተን እንወጣለን። የሚጠበቀው ግን በየበሽታው ይለያል።

ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካለ ኢስትሮጅንን፣ ማለትም በማረጥ ሕክምና የሚሰጠውን ዋና ሆርሞን፣ ማዘግየቱ ተገቢ ነው። ኢስትሮጅን የማህፀኑን ሽፋን ያሳድጋል፤ እዚያ ውስጥ መጥፎ ነገር ካለ ያባብሳል፣ ሕክምናው ራሱ ደም ስለሚያሳይም ምርመራውን ያደናግራል። ምክንያቱ ታውቆ ክፉ ነገር እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ማዮማ ስላለ ብቻ ሆርሞን አይከለከልም። ማዮማ ካረጡ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻል፤ በሆርሞን ሕክምና ትንሽ ሊያድግ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል እንጂ በር አይዘጋም። የማህፀን ወደ ታች መውረድም አይከለክልም፤ እንዲያውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወይም ፔሳሪ፣ ማለትም ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት መሰል መሣሪያ ለሚያደርጉ ሴቶች ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ ኢስትሮጅን ክሬም ይታዘዛል። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ሽፋን መሰል ነገር ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ የነበረባት ሴት ሕክምናው ለሷ በሚሆን መልኩ ይመረጥላታል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት ደግሞ ጉዳይዋ ሌላ ነው።

እንግዲህ ከወንበሩ ከመነሣትዎ በፊት፦ «ሆርሞኑ የሚጠብቀው የትኛውን ውጤት ነው? ውጤቱ ደህና ከሆነ በስንተኛው ቀጠሮ እንጀምራለን? እስከዚያ ለላቡ ምን ይሰጠኛል?» ይበሉ። ከዚያም «የማረጥ ምልክት አላት» የሚለው በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። በየቀጠሮው የሚያዩዎት ሐኪም ሊለያይ ይችላል፤ አዲሱ ሰው የሚያነበው ካርዱን ነው፣ ካርዱ ደግሞ «ማዮማ» ብቻ ካለ የሚታከመው ማዮማው ብቻ ነው። ሰማያዊው ክብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ በወር 19 ሌሊት በላብ መንቃትዎን አውጥተው ያሳዩ። «ትንሽ ይሞቀኛል» ከማለት በጣም ይለያል።

እስከዚያ ምንም የለም ብሎ መቻል

መቻልን የሚያደንቅ ሕዝብ ነን። ግን ሆርሞን የሌላቸው፣ ሙቀቱንና ላቡን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፦ ቬንላፋክሲን፣ ፓሮክሴቲን፣ ጋባፔንቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የድብርት መድኃኒት ተብለው ስለሚታወቁ «አበደች ይሉኛል» ብላ ፋርማሲ በር ላይ የተመለሰች አውቃለሁ። ለላብ ነው የታዘዘው፤ የማንም ጉዳይ አይደለም። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነውን ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ግን ፓሮክሴቲን መውሰድ የለባትም፤ የታሞክሲፈኑን ሥራ ያደናቅፍበታል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተብሎ ስለተፈቀደው ፌዞሊኔታንት ጠይቁ፤ የጉበት ምርመራ ይፈልጋል።

ለድርቀት ውሃ መሠረት ያለው ማለስለሻ ቀጠሮ አይጠብቅም። ደሙ ብዙ ከሆነ የደም ማነስዎ ይታይ፤ ድካሙንና የልብ ምቱን ሁሉ በማረጥ ስናሳብብ ሄሞግሎቢናችን ወርዶ ይገኛል። የአይረን ክኒንን በቡና ወይም በሻይ አይዋጡት፤ አይረኑ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይስጡት፣ በብርቱካን ወይም በሎሚ ቢሆን ይሻላል። ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ሞዴስ በየሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆርሞን ያለው ሉፕ ብዙ ደምን ይቀንሳል፤ በኋላ ኢስትሮጅን ሲጀመርም የማህፀኑን ሽፋን ይጠብቃል። ማዮማው የማህፀኑን ውስጥ ካላጣመመው ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ሊያቀልል ስለሚችል መጠየቁ አይከፋም። የመዳብ ሉፕ ግን ሌላ ነው፤ ደም ያበዛል።

የሌላ ሰው መድኃኒት

ዋሽንግተን ያለች እህት በሻንጣ የላከችው የኢስትሮጅን ፕላስተር፣ ከጎረቤት የተገኘ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን። አዝንላችኋለሁ፣ መድኃኒቱ በየፋርማሲው እንደልብ አይገኝም። ግን ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከተጠቀመች የሽፋን ካንሰር አደጋዋ ይጨምራል፤ ፕሮጄስትሮን አብሮ መሰጠት አለበት። ሁለቱ ያሉበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ የደም ግፊት ላለባት የ50 ዓመት ሴት አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» ብለው ጨርሶ የሚፈሩት ናቸው። ፍርሃቱ በአብዛኛው የመነጨው በ2002 እ.ኤ.አ. ከወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ለአብዛኞቹ ጥቅሙ ያመዝናል።

የሌሊት ላብ ሁሉ የማረጥ አለመሆኑም አይዘንጋ። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ ክብደት መቀነስ ወይም ትኩሳት ካለ የቲቢ ምርመራ፤ አንገት ላይ እብጠት ወይም እጅ መንቀጥቀጥ ካለ የታይሮይድ ምርመራ ይቅደም።

ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ ቀዶ ሕክምና መግባት

«ማህፀን ይወጣል» ሲባል እንቁላል ማምረቻዎቹም ይወጡ እንደሆነ ይጠይቁ። እነሱ ከወጡ ማረጥ ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንድ ሌሊት ይመጣል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ሴትየዋ ከ45 ዓመት በታች ከሆነች፣ የሚከለክላት ነገር ከሌለ፣ ለአጥንቷና ለልቧ ሲባል ቢያንስ እስከ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ ሆርሞን እንድትወስድ ይመከራል። ስለዚህ ንግግሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሁን። እንቁላል ማምረቻዎቹ ከቀሩ ደግሞ ማረጥን የሚያስታውቅ የወር አበባ አይኖርም፤ ሰማያዊው ክብ ብቻ ነው የሚነግርዎት።

ሲወጡም ምን እንደወጣ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው ይውጡ። የአክስቴ ልጅ በ41 ዓመቷ እዚህ ታክማ፣ ዱባይ ሥራዋ ላይ ከተመለሰች በኋላ ላቡ ሲያሠቃያት እዚያ ያለችው ሐኪም የጠየቀቻት የመጀመሪያ ነገር «እንቁላል ማምረቻዎችሽ አሉ?» የሚል ነበር። አታውቅም። ካርድ ክፍል ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ወረቀቱን አስወጥቼ ፎቶ አንሥቼ እስክልክላት ሦስት ሳምንት ፈጀ።