የተሃድሶ ሕክምና ጥናትን ለጆርናል ሲልኩ

መጀመሪያ ሕክምናው እንዴት እንደተሰጠ የሚገልጸውን አንቀጽ ደግመው ያንብቡ። ብዙ ጽሑፍ ገምጋሚ ፊት የሚሰናከለው እዚያ ነው። «ስትሮክ ያጋጠማቸው ታካሚዎች ፊዚዮቴራፒ ተሰጣቸው» ቢባል ሌላ ባለሙያ ሥራውን ሊደግመው አይችልም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦ «በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ በ3 ዙር፤ ታካሚው ሳይደገፍ መነሳት ሲችል የወንበሩ ከፍታ ይቀነሳል»። ማን እንደሰጠው፣ የት እንደሆነና ስንቱ እስከ መጨረሻው እንደዘለቀም ይግባ። ባለ 12 ነጥቡ የቲዲየር (TIDieR) መዘርዝር ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ጥናት ባለ 32 ነጥቡን የኮሬክ (COREQ) መዘርዝር ይጠቀሙ።

በጥናቱ የተጠቀሙበት መጠይቅ ከሌላ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ከሆነ ማን እንደተረጎመው፣ ወደ ምንጩ ቋንቋ ተመልሶ መመሳከሩንና በስንት ሰው ላይ እንደተሞከረ ይግለጹ።

ክሊኒካል ሙከራ (ሕክምናን በሰዎች ላይ የሚፈትሽ ጥናት) የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ለሁሉም ክፍት በሆነ የሙከራዎች መዝገብ ይመዝገብ። የዘገየ ምዝገባ በኋላ በማብራሪያ አይስተካከልም፤ ብዙ ጆርናሎች በዚህ ብቻ ጽሑፉን ሳይቀበሉ ይመልሱታል።

ገምጋሚው ጸሐፊውን እንዳያውቅ ከተፈለገ ስምን ከሽፋኑ ማውጣት አይበቃም። የሥነ ምግባር ፈቃድ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ስም፣ ምስጋናውና በዎርድ ፋይሉ መረጃ ውስጥ የተቀመጠው የጸሐፊ ስም ማንነትዎን ያጋልጣሉ።

«ዲስአቢሊቲ ኤንድ ሪሃቢሊቴሽን» የተሰኘው ጆርናል ደግሞ ለተሃድሶ ባለሙያው የሚጠቅሙ ጥቂት አጫጭር ነጥቦችን ለብቻ ይጠይቃል። እዚያ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ መሙላት ቦታ ማባከን ነው፤ ባለሙያው ነገ ጠዋት ምን ቀይሮ እንደሚሠራ ይንገሩት።